ኮቱ ብቻ የቀረው ሰው

የእናቴ ቤት እንዴት እንደተረፈ በተወራ ቁጥር ወደ እኔ ዞር ብሎ የሚያይ የለም። ወንድሜ ኦቢዬሮ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ሽማግሌዎቹ በእውነት ፈረዱ» ይላል፤ ልጆቹም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ያን ጊዜ እሱ ጡት የሚጠባ ሕፃን ነበር፤ እናቴ ጀርባ ላይ ታዝሎ ከማንቀላፋት በቀር ያየው ነገር የለም። እኔ ግን ደጃፉ ላይ ቆሜ ነበር። የተናገርኩትም እኔ ነኝ። ይህን ስል ልጆቹ፣ «አክስቴ፣ አንቺም እኮ ሕፃን ነበርሽ» ይሉኛል። ሕፃን ነበርኩ፤ ዕውር ግን አልነበርኩም። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ያየሁትን ግን አልረሳሁም። ዛሬ ደክሞኛል፣ ክርክሩም ሰልችቶኛል። አንዴ ከመነሻው እስከ መድረሻው ልናገረውና ልረፍ።

አባቴን ሐይቁ ወሰደው። ጀልባው ተገኘ፣ እሱ ሳይገኝ ሰነበተ፣ በኋላም ተገኝቶ ተቀበረ። ከዚያ በኋላ ቤታችን ማፍሰስ ጀመረ። በእኛ በሐይቁ ዳር ሰዎች ዘንድ ባሏ የሞተባት ሴት ከባሏ ወገን አንዱ ወርሷት ቤቷ እስኪያድር ድረስ ጣሪያዋ አይነካም። ሣሩ ቢበሰብስ፣ ውሃ በራሷ ላይ ቢወርድ፣ መሰላል የሚያቆምላት ሰው የለም። ዝናብ ሲመጣ እናቴ ያላትን ድስትና ቅል ሁሉ ወለሉ ላይ ትደረድራለች። እኔ በድስቶቹ መካከል ተጠቅልዬ ጠብታው የሚያሰማውን ድምፅ አዳምጣለሁ። የጭቃው ግድግዳ ከእርጥበት ብዛት ጠቁሮ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። ኦቢዬሮ ሳል ይዞታል፤ ሲያስል ትንሿ ደረቱ እንደ ወናፍ ትነፋለች።

የአባቴ ታላቅ ወንድም ዋሶንጋ ይህን ሁሉ እያየ ይመጣል። ሆዱን አስቀድሞ፣ በትሩን አስከትሎ ይገባና ማንም ተቀመጥ ሳይለው የአባቴ በርጩማ ላይ ይቀመጣል።

«የአጅዋንግ እናት፣ ጣሪያሽ ያፈሳል» ይላል።

«ያፈሳል» ትላለች እናቴ።

«ሕፃኑም ያስላል።»

«ያስላል።»

«ታዲያ እኔ እያለሁ ይህን ሁሉ መከራ ማየት ምን ይሉታል?»

እናቴ ከሐይቁ የመጣችውን ኦሜና፣ ያቺን የጥፍር ያህል ትንሽ ዓሣ፣ ሰሌን ላይ ለፀሐይ አስጥታ ትገላብጣለች። እጇ አይቆምም። «አንተማ አለህ» ትለዋለች። «ሁለቱ ሚስቶችህም አሉ። የአጅዋንግ አባት ጀልባም አንተ ጋ አለ። ወደ አንተ ያልሄድነው እኛ ብቻ ነን።»

ዋሶንጋ ይስቃል። ሳቁ ግን ዓይኑ ጋ አይደርስም። «እስኪ ክረምቱ ይግባ» ብሎ ይነሳል።

ያኔ እናቴ ደክሟት ቀስ ብላ የምትናገር ይመስለኝ ነበር። ደክሟታልም። ዛሬ፣ እኔም ባል ቀብሬ፣ ስንቱን ዋሶንጋ ካየሁ በኋላ ሳስበው ግን ግማሹ ድካም ነበር፤ ግማሹ ጊዜ መግዣ።

እርጥቡ ግድግዳ ቢንቢ አመጣ፤ ቢንቢው ደግሞ ሸረሪት አመጣ። የማሽላ ፍሬ የሚያክሉ፣ ፊታቸው ቀላ ያለ፣ ግድግዳው ላይ ፈንጠር ፈንጠር የሚሉ ሸረሪቶች ናቸው። እናቴ መጥረጊያ አንስታባቸው አታውቅም። እኔ እፈራቸው ነበር። አንዷን በድንጋይ ጨፍልቄ ደም ሲወጣት ካየሁ ወዲህማ ሌሊት ሌሊት እኛን የሚጠጡን እነሱ መሰሉኝ።

ይህን ያስተካከለልኝ ኦግዌኖ ነው። ኦግዌኖ የአባቴ የአጎት ልጅ ነው፤ መረብ ይጠግናል። ሚስት የለው፣ ጀልባ የለው፤ ያለው አንድ ወፍራም ጥቁር ኮት ነው፤ ባቡር ሥራ ላይ በነበረ ጊዜ ያገኘው። በፀሐይም በዝናብም ያችኑ ኮት ነው የሚለብሰው። የአባቴን መረብ ልጠግን ብሎ መጣና መጀመሪያ ከቁልቋሉ አጥር ሥር ተቀመጠ። በሌላ ቀን ከጎተራው ጥላ ሥር። ቆይቶ ከደጃፉ ጎን። እናቴ ቀና ስትል መርፌው ይቆማል፤ ስታቀረቅር ይቀጥላል። ማንም ልብ አላለውም፤ እኔ ግን ልብ ብዬዋለሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ ገብቶ ግድግዳውን ሲያይ አገኘሁት።

«ነይ» አለኝ። «ድምፅ አታሰሚ።»

ግድግዳው ላይ ቢንቢዎች አርፈዋል። አንዷ ሆዷ ክስት ያለ ነው። ሌላዋ ጠጥታ ጠግባ፣ ኋላዋን ወደ ላይ ሰቅላ፣ ሆዷ እንደ በሰለ እንጆሪ ቀልቷል። ሸረሪቷ ከሲታዋ አጠገብ ነበረች፤ አንድ ዝላይ ነው የሚቀራት። ትታት ዞረች። ሁለት ትልልቅ ዓይኖቿን ወደ ቀይዋ አዞረችና ቆመች።

«ድር የላትም?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ይቺኛዋ የላትም። እኔ ዕድሜዬን በመረብ ላይ አጎንብሼ ጨረስኩ፤ እሷ ያለ መረብ ታድናለች። እይ።»

ሸረሪቷ ትንሽ ትሄዳለች፤ ትቆማለች። ቢንቢዋ እግሯን ስታነቃንቅ አብራ ትሄዳለች፤ ዝም ስትል ዝም ትላለች። ወደ ኋላዋ ዞራ ቀጭን ክር ከግድግዳው ጋር አጣበቀች። «ብትወድቅ ክሩ እንዲይዛት ነው» አለኝ ኦግዌኖ። ከዚያ መዝለሏን እንኳ አላየሁም፤ ብቻ እላይዋ ላይ ተገኘች። የቢንቢዋ እግሮች ጥቂት ተወራጩና ተዉት።

«አሁን ታኝካታለች?»

«መንከሻ እንጂ ማኘኪያ የላትም። ምራቋን ውስጧ ትግታለች። ውስጧ እንደ ሾርባ ይሆናል። ከዚያ ትመጠዋለች።»

«ቆዳውስ?»

«ቆዳው ይቀራል።»

ብዙ ቆየን። ሸረሪቷ የለቀቀችው ነገር ወለሉ ላይ ሲወድቅ እንደ እብቅ ነው። መዳፌ ላይ አኖርኩት። እግርም ክንፍም አለው፤ ውስጡ ግን ማንም የለም። እፍ ስለው ሄደ።

«ያ ደም የማን ነበር?» አልኩት።

«የአንቺ ነዋ። ካልሆነም የኦቢዬሮ። ሸረሪት ሰው ላይ አትደርስም፤ ከጠጣችው ላይ ነው የምትቀማው።» ይህን ብሎ በበሩ በኩል ወደ እናቴ አየ፤ ቶሎም ዓይኑን መለሰ።

ያን ቀን ነገሩ ሁሉ ገባኝ ብዬ አሰብኩ። ከአጥር ወደ ጎተራ፣ ከጎተራ ወደ ደጃፍ። ሲያዩት የሚቆም፣ ሳያዩት የሚጠጋ። ኦግዌኖ እናቴን ሊበላት ነው። ከዚያ ወዲህ ጎኗን አልለቅም አልኩ፤ ውሃ ስትወርድ እከተላለሁ፣ ጭራሮ ስትለቅም ቀሚሷን ይዤ እጎተታለሁ። «ምን ነካት ይቺ ልጅ፣ እንደ መዥገር ተጣበቀችብኝ» ትላለች።

ከመንገዱ ወዲያ፣ ውሃ ዳር ካለው ደንገል መካከል ግን ሌላ ዓይነት ሸረሪት ነበረች፤ ትልቅና ባለ ድር። ከሐይቁ ላይ ትንኙ እንደ ጭስ ተነስቶ ሲመጣ እሷ መሃሉ ላይ ዝም ብላ ትቀመጣለች። ወደ ማንም አትሄድም። እግሯን ክሮቹ ላይ ጣል አድርጋ ትጠብቃለች። ድሩ ሲንቀጠቀጥ ሮጣ ትደርስና የመጣውን እያሽከረከረች በክር ትጠቀልለዋለች፤ ነክሳው፣ ሰቅላው፣ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ሲርባት ሄዳ ትመጠዋለች። ከድሩ ሥር ብዙ ባዶ ቆዳ ተሰቅሎ ነፋሱ ያወዛውዘዋል። እሷን ሳይ ከዋልኩ በኋላ አንድ ምሽት ከኦሜናው ማድረቂያ ጀርባ የሰማሁት ወሬ አሳቤን ገለበጠው።

«በሰው ፊት ትገባለህ» ትላለች እናቴ። «ያዩሃል። እበላለሁ ትላለህ፣ አበላሃለሁ።»

«ከዚያስ?» ይላል ኦግዌኖ።

«ከዚያ ትጠፋለህ።»

ኦግዌኖ በቀስታ ሳቀ። «እሱንስ ለምጄዋለሁ» አለ።

«ኮትህ ይቀራል። ሌሊት የሚያጮልቁ እሱን ሲያዩ ዝም ይላሉ።»

«ለልጅቷ አልነገርሽም?»

«ለማንም አልነገርኩም።»

ድር ያላት ለካ እናቴ ናት። ደጃፏ ላይ ዝም ብላ ተቀምጣ፣ ሰውን ወደ ራሷ የምታስመጣ። የፈራሁላትን ያህል ለእሱ አዘንኩለት። ግን እናት እናት ናት፤ ምን ይባላል? ኦግዌኖ በማግስቱ ሲመጣ ከተጠበሰው በቆሎዬ ግማሹን ሰጠሁት። «ዛሬ ምን ተገኘ?» አለኝ። ብላ ብዬው ሮጥኩ።

ኦግዌኖ በመጣበት ምሽት ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። በመንደሩ መካከል፣ ሁሉም እያየው፣ ኮቱን እስከ ጉሮሮው ቆልፎ መጣ። ጎረቤታችን ፊሊስታ፣ አፏ የማይዘጋ ሴት ናት፣ ከአጥሯ ላይ ተንጠልጥላ፣

«ኦግዌኖ፣ እንዲህ ቆልፈህ ወዴት ነው? ሠርግ ነው ቀብር?» አለችው።

«ስደርስ አየዋለሁ» አላት።

«የሩሳሊያ ቤት ሰው ቢያገኝ እኛም አንጠላም ነበር። የምትበላውን እንዳትረሳ፤ አጥንትህ ብቻ ነው የቀረው።»

ሩሳሊያ እናቴ ናት። ቆሮሶ ዓሣ ቀቅላ፣ የበቆሎ ገንፎ አገንፍታ አቀረበችለት። እሱ ጥቂት ቀማምሶ ተወው። ኮቱን አውልቆ ግድግዳው ላይ ካለው የፍየል ቀንድ ላይ ሰቀለው። ያለ ኮት ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ ትከሻው እንደ ልጅ ትከሻ ነው። እናቴ በሩን ዘጋች፣ መወርወሪያውን አስገባች። እኔ ብርድ ልብሱን ራሴ ላይ ሳብኩና ጆሮዬን ያዝኩ። ማየት አልፈለግኩም። እንደዚያው እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጠዋት ስነሳ ኮቱ ቀንዱ ላይ ነው። ሰው የለም። መወርወሪያው ከውስጥ እንደተዘጋ ነው። ሄጄ እጅጌውን ነካሁት፤ ተወዛወዘ። አዝራሮቹ አሉ፣ ኪሱ አለ፣ የክርኑ መታጠፊያ እንኳ አለ። ውስጡ ማንም የለም። እናቴ እሳቱ አጠገብ ቁጭ ብላለች፤ ዓይኗ ቀልቷል፤ ኦቢዬሮ ጡቷ ላይ ተኝቷል። የምታየው ግን ወደ ሐይቁ በኩል ነው።

ያላየሁትን ዛሬ አውቀዋለሁ። ከእህል ጋኑ ጀርባ የግድግዳውን ጭቃ እናቴ ፈልፍላ ሸምበቆውን አላልታው ነበር። ኦግዌኖ እኔ እንደተኛሁ በዚያ ሾልኮ፣ በተዋሰው ታንኳ ደሴቲቱ ላይ ሊያድር ሄደ። ሳይነጋ በዚያው ተመልሶ፣ ኮቱን ለብሶ፣ በበሩ ሊወጣ ነው ስምምነታቸው። እናቴ ከአባቴ በኋላ ባል አልፈለገችም፤ እሱም እዚያ ቤት ካደረ በወጉ ባሏ እንደሚሆን ያውቃል። የፈለገችው የሚከደን ጣሪያ ነው። ግን ተንሳፋፊው ደንገል በነፋስ ተገፍቶ መጣና የወሽመጡን አፍ ዘጋው። እናቴ ይህን አላወቀችም። የምታውቀው ፀሐይ እየወጣች መሆኑን ነው።

በሩ ተንኳኳ። ዋሶንጋ ነው፤ የጎሣውን ሽማግሌ ይዞ። ከኋላቸው ሴቶቹ፣ ፊሊስታ ከፊት። የወረሰ ሰው በጠዋት ወጥቶ በሰው ፊት የጣሪያውን የመጀመሪያ እስር ሣር ማኖር አለበት።

«ሰውየው ይውጣና ይጀምር» አለ ሽማግሌው።

«ይወጣል» አለች እናቴ።

ዋሶንጋ አንገቱን በበሩ አስገባ። ቤቱን አየ፣ ኮቱን አየ፣ ወደ ውጭ ዞረ። «ሰው የለም» አለ። «ኮት ነው ያለው። ይቺ ሴት ኮት አግብታ ነው ያደረችው። እኛ ጋ በኮት የሚወረስ ቤት የለም። ዛሬ ማታ እኔ እገባለሁ፤ ቤቱም ልጆቹም ወደ እኔ አጥር ይገባሉ። ወጉ ይኸው ነው።»

እናቴ ሕፃኑን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረችው። እንደዚያ ቀን ደክሟት አይቻት አላውቅም፤ የበሩን መቃን ካልያዘች የምትወድቅ ትመስላለች።

ሽማግሌው ወደ እኔ ጎንበስ አለ። አፉ ትምባሆ ትምባሆ ይሸታል። «አጅዋንግ፣ ኦግዌኖ ትናንት ገብቷል?»

«ገብቷል።»

«ከገባ በኋላ ወጥቷል?»

«አልወጣም። በሩ ተዘግቶ ነው ያደረው።»

«ታዲያ የት አለ?»

እናቴን አየኋት።  እንባዬ መጣ። «እናቴ በላችው» አልኩ።

ሽማግሌው ጆሮውን ወደ እኔ አስጠጋ።

«ምራቋን ጋተችውና መጠጠችው። ቆዳው ያው፣ ተሰቅሏል። እናቴን አትምቷት። ያላትን ሁሉ ለእኛ ሰጥታ ነው፤ እርቧት ነው።»

መጀመሪያ የሳቀችው ፊሊስታ ናት። ስቃ ስቃ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ሌሎቹም ተያያዙ። እኔ ምን እንደሚያስቃቸው አልገባኝም፤ ይባስ አለቀስኩ። ሽማግሌው ግን አልሳቀም። ፊቴን አገላብጦ አየ፣ እንባዬን በአውራ ጣቱ ጠረገና ቀና አለ።

«ዋሶንጋ፣ አንተ ልጅህን በሐሰት መስክሪ ብትላት፣ አባቴ ሰው በላ በይ ትላታለህ?»

«ልጅ ናት፤ ምን ታውቃለች?»

«ያስተማራት ሰው ቢኖር ኖሮ ከዚህ የተሻለ ታውቅ ነበር። ይቺ ልጅ መግባቱን አይታለች፣ መውጣቱን አላየችም። እንደ እሷ የሚምል ሌላ ሰው አለህ?»

ዋሶንጋ አፉን ሊከፍት ሲል በደንገሉ መንገድ ኦግዌኖ ብቅ አለ። እስከ ደረቱ ርሷል፣ ጭቃ ለብሷል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ እየተንገዳገደ ነው። ሰው ሁሉ ቆሞ ሲያይ እሱም ቆመ።

«ያውላችሁ፣ የተመጠጠው መጣ» አለች ፊሊስታ ከመሬት ሳትነሳ።

«ልታጠብ ወርጄ ነው» አለ ኦግዌኖ። ጥርሱ ይንገጫገጫል።

«በየት በኩል ወጣህ?» አለ ዋሶንጋ።

«ይበቃል» አለ ሽማግሌው። «ሰው ከገዛ ቤቱ በየት እንደወጣ አይጠየቅም።»

ዋሶንጋ በትሩን መሬት ላይ ተክሎ ትንሽ ቆየና ሄደ። ኦግዌኖ ሳያርፍ፣ ልብሱ እንደረጠበ፣ ጣሪያው ላይ ወጥቶ እስሩን ሣር አኖረ። እኔ ከታች ሆኜ አያለሁ። ሸረሪት የመጠጠችው ሲመለስ አይቼ አላውቅም ነበር። ስላለቀስኩ እናቴ የተፋችው መሰለኝ፤ ብዙ ዘመንም እንደዚያ አምኜ ኖርኩ። ሥጋው እንዲመለስለት ከሳህኔ ላይ ዓሣ እያነሳሁ እሰጠው ነበር። አልወፈረም።

እናቴ እውነቱን የነገረችኝ እኔም የልጆች እናት ሆኜ ልጠይቃት በመጣሁ ጊዜ ነው፤ እንደ ልማዷ ኦሜና እየገላበጠች።

«አንድም ቀን እዚህ አድሮ አያውቅም» አለችኝ። «ሲመሽ ይመጣል፤ ሰው ያየዋል፤ በደንገሉ በኩል ይሄዳል። በዚያ ብርድ።»

«ልደር ብሎ ጠይቆሽ አያውቅም?»

«አያውቅም።»

«ቢጠይቅሽስ ኖሮ?»

ዓሣውን ገለበጠች። «ደመናው እየመጣ ነው» አለች። «ሰሌኑን በዚያ በኩል ያዢልኝ።»

ኦግዌኖ ሚስት ሳያገባ ሞተ። የሩሳሊያ ሰው ነው ከተባለ በኋላ ልጁን የሚሰጠው ማን አለ? የራሱ ግቢ ስላልነበረው ከጎጆው አጠገብ፣ ከአጥር ውጭ ቀበሩት። በስሙ የሚጠራ ልጅ እስከ ዛሬ የለም። ዋሶንጋ ግን በየግቢው አለ፤ የልጅ ልጆቹ፣ የልጅ ልጆቹ ልጆች፣ ሁሉም ዋሶንጋ ናቸው።

ሰሞኑን የኦቢዬሮ የልጁ ሚስት ወንድ ወለደች። ጉልበቴን እያሸሁ፣ መንገድ ላይ እያረፍኩ መጣሁ። ስደርስ ሕፃኑ ያለቅሳል፤ እነሱም እንደ ወጋችን የሞቱ ዘመዶችን ስም ተራ በተራ ይጠሩለታል፤ ስሙ ሲደርስ ዝም ይላል ተብሎ። ኦቢዬሮ መላልሶ የሚጠራው የዋሶንጋን ነው። ትልቅ ሰው ነበር፣ ከብት ነበረው፣ ይላል። ሕፃኑ አላርፍ አለ።

«ኦቢዬሮ» አልኩት፣ በሩ ላይ እንደቆምኩ። «ያ ሳልህ የዳነው ማን ጣሪያ ላይ ወጥቶ ነው? ልጁን ኦግዌኖ በለው።»

«ሕልም አይተሻል?» አለኝ። ሟች ስም የሚጠይቀው በሕልም መጥቶ ነው።

«አላየሁም። እሱ በቁሙም ማንንም ጠይቆ አያውቅም፤ ሞቶ በሕልም የሚጠይቅ መሰለህ? እኔ ነኝ የምጠይቅህ፤ ነቅቼ። ደክሞኛል፣ ወደ ቤቴም መንገዱ ሩቅ ነው። ልጁን አንሳውና እኔ እየሰማሁ ጥራው።»